መስመር ማውጣት

ጁባ፣ አትላባራ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ። ከኒም ዛፉ ሥር ሦስት የፕላስቲክ ወንበሮች ተቀምጠዋል፤ ጀበናው ከሰል ላይ ተጥዷል፤ ከአጥሩ ማዶ ጄኔሬተር ይንደቀደቃል። እትዬ እያልኩ የምጠራቸው ሴት በዚህ ግቢ ቡና እያፈሉ መሸጥ ከጀመሩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አንድ ቀን ጓዳቸው ስገባ አልጋቸው ላይ «መልካም እንቅልፍ» የሚል ቃል በቀይ ክር የተጠለፈበት ትራስ አየሁ። ልጅ ሆኜ አያቴ ቤት አንገቴን አሳርፍበት የነበረውን ትራስ መሰለኝና ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ያስተምሩኝ» እያልኩ ስወተውታቸው ከረምኩ። ደሴ ላለችው እናቴ «ሰላም» ብዬ የጠለፍኩበት የትራስ ልብስ መላክ እፈልጋለሁ። ከታች ያለው የዚያ እሑድ ጨዋታችን ነው።

እትዬ፦ እስቲ ጨርቅሽን አምጪው። አይ፣ ይኼ አይሆንም። ዳስሺው፤ ያንሸራትታል። ክሩን ትንሽ ጠበቅ ስታደርጊው ተሸብሽቦ ያስለቅስሻል።

እኔ፦ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ «ነጭ ጨርቅ» ብዬ ስጠይቅ ይህንን ቆረጡልኝ።

እትዬ፦ «ጉትን» በያቸው፤ ጥጥ ማለት ነው። ለዛሬ ከእኔ አቡጀዲ ውሰጂ። ድርና ማጉን አየሽው? በዓይን ይቆጠራል። አንቺ ገና የእጅሽን ልክ አታውቂም፤ እስክታውቂው ድረስ ጨርቁ ይለካልሻል።

እኔ፦ ክሩንስ? ይኼ ከመርካቶ የገዛሁት ነው። ዲኤምሲ ይላል።

እትዬ፦ እሱ ደህና ነው። እናቴም የምትጠልፍበት ይኸው ነበር።

እኔ፦ ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ በምትገኘው ሚሉዝ ከተማ በ1746 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ፋብሪካ ነው አሉ። ከአፄ ቴዎድሮስ መወለድም በፊት ማለት ነው።

እትዬ፦ ታዲያ እኮ ነው ክሩ የማይለቀው። አሁን ቁረጪ፤ አንድ ክንድ ብቻ፣ ከክርንሽ እስከ ጣትሽ ጫፍ። ከዚያ ካስረዘምሽው ጨርቁ ውስጥ ሲመላለስ ይሳሳል፣ ጠጉር ያወጣል፣ መሀል ላይ ይቋጠራል። ጫፉን ደግሞ ተመልከቺ፤ ስድስት ዘለላ ነው። የምንፈልገው ሁለቱን ነው። ቆይ! አንድ ላይ አትጎትቻቸው፤ ይተበተባል። አንዱን ብቻ ወደ ላይ ሳቢው፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ከዚያ መልሰሽ አጣምሪያቸው።

እኔ፦ እርስዎ እንዲህ ቀስ ሲሉ ሳይ መቼ ጽጌረዳ ላይ እንደምንደርስ እንጃ። እኔ እኮ በውስጤ ያሰብኩት በቀይና በአረንጓዴ ጥቅጥቅ ብሎ የተሞላ አበባ ነበር።

እትዬ፦ ሙሌት ነው ያማረሽ። ሁሉም ሰው ሙሌት ነው የሚያምረው። መስመር ማውጣት ሳያውቁ ሙሌት የሚጀምሩ ልጆች አይቻለሁ፤ አበባው ያብጣል እንጂ አበባ አይሆንም። ጠርዙን የሚይዝለት የለማ! መጀመሪያ መስመር። እርሳስሽን አንሺና ስንዝር የሚያህል መስመር አስምሪ።

እኔ፦ ስፌቱ ስም የለውም?

እትዬ፦ ቱስቱስ አለ፣ ሽልል አለ፣ ዝምዝማት አለ፤ እነዚያን ልብስ ሰፊ ሁሉ ያውቃቸዋል። ይኼኛውን እኛ ቤት «መስመር» ነበር የምንለው። ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ መምህራችን «የግንድ ስፌት» ትለው ነበር፤ የአበባው ግንድ የሚወጣው በእሱ ስለሆነ። የፈለግሽውን በዪው። አሁን መርፌውን ከሥር ወደ ላይ፣ ከመስመሩ ግራ ጫፍ አውጪ። አትቋጥሪ! ጣት የሚያህል ከኋላ አስተርፊና በጣትሽ ያዢው፤ ስንጨርስ ከስፌቱ ሥር እንሸጉጠዋለን። ትራስ ላይ ቋጠሮ ጉንጭ ይወጋል።

እኔ፦ እሺ፣ ወጣ።

እትዬ፦ ወደ ቀኝ ሂጂ፤ የስንዴ ፍሬ የምታህል ርቀት። እዚያ አስገቢው። ክሩን ግን ሙሉውን አትሳቢ፤ ትንሽ ይርገብ። አሁን የመርፌውን ጫፍ ወደ ኋላ መልሺና ከተነሳሽበትና ካስገባሽበት መሀል፣ ልክ ግማሽ መንገድ ላይ አውጪው።

እኔ፦ ወደ ኋላ?

እትዬ፦ ወደ ኋላ። የረገበውን ክር በአውራ ጣትሽ ወደ ታች ያዥልኝ፤ መርፌው ከክሩ በላይ ይውጣ። አሁን ሳቢ፤ ቀስ ብለሽ። አንድ ሆነ። ደግሞ የስንዴ ፍሬ ወደፊት፣ ግማሽ ወደ ኋላ። አሁን የምትወጪው የት እንደሆነ አየሽ? የመጀመሪያው ስፌት ካለቀበት ቀዳዳ። ከአጠገቡ አይደለም፤ በዚያው በቀዳዳው።

እኔ፦ እያንዳንዱ ስፌት የጎረቤቱን ግማሽ ተደግፎ ነው የሚቆመው ማለት ነው።

እትዬ፦ ለዚህ ነው ክፍተት የማይኖረው። ቱስቱስ ወጣ ገባ ስለሚል ጨርቁ በመሀል ይታያል። ይኼኛው እንደ ገመድ ይገመዳል። ቀጥዪ፤ ቡናውን እስካወጣ ድረስ መስመሩን ጨርሺው።

(ያን አንድ ስንዝር ለመጨረስ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጅቶብኛል። ላቤ መርፌው ላይ እየወረደ ጣቴ ያዳልጠኝ ነበር፤ ጁባ ላይ ይህ አዲስ አይደለም። እትዬ ሲኒውን አስቀምጠው ጨርቁን ወደ ብርሃኑ አነሱት።)

እትዬ፦ ከዚህ እስከዚህ ደህና ነው። እዚህ ጋ ግን ምን ነካሽ? መስመሩ መልኩን ለወጠ።

እኔ፦ ስፌቱ እኩል ነው እኮ። በጥንቃቄ ለክቼዋለሁ።

እትዬ፦ እኩል ነው፤ እሱን አላጣሁትም። ክሩን ከታች ይዘሽ መጥተሽ እዚህ ስትደርሺ ከላይ አደረግሽው። ከታች ሲሆን ግማዱ ይታያል፤ ከላይ ሲሆን ይተኛል፣ ይለሰልሳል። ክር ሲፈተል የሚዞርበት አቅጣጫ አለው። ስፌቱ አንዴ ከዙሩ ጋር፣ አንዴ ከዙሩ ተቃራኒ ይሆናል። ሁለቱም ያምራል፤ አንዱን መርጠሽ ግን እስከ መጨረሻው በሱ ሂጂ። ክሩ ደግሞ ሲያስቸግርሽ አየሁ፤ ከጥቂት ስፌት በኋላ ይጠመዘዛል። ያኔ መርፌውን ልቀቂውና ይንጠልጠል፤ ራሱ ዞሮ ዞሮ ይፈታል። በይ ገልብጪው።

እኔ፦ ጀርባውን? እሱ እንኳ አይታይ።

እትዬ፦ እኔ የማየው እሱን ነው። ፊቱ ላይ ስፌቶቹ ተደራርበው ነው ያሉት፤ ጀርባው ላይ ግን ጫፍ ለጫፍ ተነካክተው አንድ ረድፍ ይሆናሉ፣ እንደ ጉንዳን ሰልፍ። አንዱ ጉንዳን ወፍሮ ሌላው ከሲታ ከሆነ ግማሹን መንገድ አልለካሽም ማለት ነው። ይኸው፣ ይኼ ወፍሯል። ይኼ ደግሞ ከሰልፉ ወጥቷል።

እኔ፦ እንዲህ አድርጎ ማየትን ማን አስተማረዎት? እናትዎ?

እትዬ፦ እናቴ መስፋቱን ነው ያስተማረችኝ። ማየቱን ያስተማረችኝ ሌላ ሴት ናት። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ተከራይቼ እኖር ነበር። አጠገባችን ከሥጋ ደዌ የዳነች ጎረቤት ነበረችን። አለርትን ታውቂዋለሽ?

እኔ፦ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው ነዋ፤ ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሐኪሞች ማሠልጠኛ ተብሎ። ከበሽታው የዳኑ ሴቶች የጠለፉትን ጨርቅም እዚያው ግቢ ይሸጡ ነበር።

እትዬ፦ አዎ፣ እዚያ ነው የምትጠልፈው። በሽታው ነርቭ ይጎዳል፤ እጅ መስማት ያቆማል። እሷም ጣቷ መርፌ ቢወጋው አይሰማትም። እኔና አንቺ በሥር የሄደውን መርፌ የምናገኘው በጣታችን ነው፤ እሷ በዓይኗ ነበር የምታገኘው። ሁለት ስፌት ሰፍታ ትገለብጣለች፣ አይታ ትመልሳለች፤ ሁለት ሰፍታ ትገለብጣለች። ሰው ሲያያት የምትዘገይ ይመስለዋል። ሥራዋን ሳየው ግን ጀርባው ከፊቱ ያላነሰ ነበር! አንድ ቀን «ለምን እንዲህ ትደክሚያለሽ፣ ገዢው እንደሆነ ጀርባውን አያይም» አልኳት። ምንም አልመለሰችልኝም፤ ጨርቄን ተቀብላ ገለበጠችና ዝም ብላ አስቀመጠችልኝ። አፈርኩ። ያን ማታ ተቀምጬ የሰፋሁትን ሁሉ ፈታሁት።

እኔ፦ የእኔንም ልፍታው?

እትዬ፦ ከተበላሸበት ብቻ። በመርፌው ዓይን በኩል እያነሳሽ ፍቺው፤ በሹሉ ከሆነ ዘለላውን ትሰነጥቂዋለሽ።

(እየፈታሁ ሳለ ማማ ገቡ። ጎረቤት ናቸው፤ ከየይ አካባቢ የመጡ። ሁላችንም የልጃቸውን ስም ጨምረን ነው የምንጠራቸው፤ እዚህ ግን ማማ ብቻ ልበላቸው። ብብታቸው ሥር የታጠፈ አንሶላ ይዘዋል። ከዚህ በኋላ ጨዋታው ግማሹ በጁባ ዓረብኛ ነበር፤ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ።)

ማማ፦ ኢብራ (መርፌ) ይዛ አየኋት! ይቺ ልጅ ማግባቷ ነው?

እትዬ፦ ለእናቷ ነው የምትሠራው። ሚላያሽን ዘርጊላት እስቲ ትይ።

(ዘረጉት። ባለ ሁለት ሰው አልጋ አንሶላ ነው። በአራቱ ማዕዘን ትልልቅ አበባ፣ መሀሉ ላይ ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት ወፎች። ደቡብ ሱዳን ውስጥ ሚላያ የሚሉት ይኸው በእጅ የተጠለፈ አንሶላ ነው። ለሙሽራ ይሰጣል፣ እንግዳ ሲመጣ አልጋና ወንበር ላይ ይዘረጋል፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ሲቸግርም ይሸጣል። ቀረብ ብዬ የአንዷን ወፍ ጀርባ በጣቴ ተከተልኩት፤ ከአንገቷ እስከ ጭራዋ የሄደው ጥቁር መስመር አሁን እኔ የፈታሁት ስፌት ነው።)

እኔ፦ ማማ፣ ይኼን ስንት ጊዜ ፈጀብዎ?

ማማ፦ ይኼኛው? የጀመርኩት ዑጋንዳ ነው፤ ቢዲቢዲ። በ2016 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ሲነሳ ዕቃችንን በሌላ ሚላያ ቋጥረን ነው የወጣነው። ድስቱን፣ የልጆቹን ልብስ፣ ዱቄቱን፤ ሁሉንም በእሱ ቋጥሬ ተሸከምኩት። ያ ሚላያ የሰርጌ ነበር። ካምፕ ስንደርስ ተቀዷል፣ ቆሽሿል። አጠብኩትና የድንኳኑ መጋረጃ አደረግኩት። ከዚያ ሌላ ጀመርኩ።

እኔ፦ (ቢዲቢዲ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የተከፈተ የስደተኞች መጠለያ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ250 ሺህ በላይ ሰው ገብቶበታል፤ አብዛኛው ከደቡብ ሱዳን ኢኳቶሪያ የሸሸ ነው። ያን ያህል ሕዝብ በገባበት ሜዳ አንዲት ሴት ቁጭ ብላ የወፍ ጀርባ ስትስል ይታየኛል።) ክር ከየት ይገኝ ነበር?

ማማ፦ ከራሽኑ ላይ ጥቂት እንሸጣለን። ሰው «ሆድሽ ባዶ ሆኖ ክር ትገዣለሽ?» ይለኝ ነበር። ቤት የሚመስል ነገር ሳላይ መተኛት ስላልቻልኩ ነው የገዛሁት።

እትዬ፦ አየሽ መስመሩን? እርሳስ እንኳ አይነካውም የሷ። በእስክሪብቶ ነው አንዴ የምትስለው።

ማማ፦ አንቺ ግን ተሳስተሽ ነው የምታስተምሪያት። መጀመሪያ መስመር ትያለሽ። እኔ መጀመሪያ አበባውን እሞላለሁ፤ መስመሩን የማወጣው መጨረሻ ላይ ነው። የሙሌቱ ጠርዝ ወጣ ገባ ቢል መስመሩ ይሸፍነዋል።

እትዬ፦ ይሸፍነዋል? ለመሸፈን ነው እንዴ የምንሰፋው!

ማማ፦ ለማማር ነው የምንሰፋው።

እኔ፦ ሁለታችሁንም የሚያስታርቅ ነገር አንብቤያለሁ። ደቡብ አሜሪካ፣ ፔሩ ውስጥ፣ ፓራካስ የሚባል በረሃማ የባሕር ዳርቻ አለ። በ1927 እ.ኤ.አ. ሁሊዮ ቴሎ የሚባል አርኪዮሎጂስት እዚያ የመቃብር ቦታ ሲቆፍር ሙታን የተገነዙባቸው ትልልቅ ኩታዎች አገኘ፤ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ የሆናቸው። በረሃው ስለጠበቃቸው ቀለማቸው እንኳ አልጠፋም። ሰውም አውሬም ተጠልፎባቸዋል። ጠርዙም ሙሌቱም የተሠራው በዚሁ ስፌት ነው፤ መስመር ከመስመር አጠገብ እየተደረደረ።

እትዬ፦ ሙሌቱም በመስመር?

እኔ፦ አዎ። አንዱን መስመር ይጨርሱና ከጎኑ ሌላ ያወጣሉ፤ ከዚያ ሌላ፤ ጨርቁ እስኪሸፈን።

ማማ፦ እጃቸውን ይባርክ። ያ የአንድ ሰው ሙሉ ዕድሜ ነው።

እትዬ፦ እንግዲያው እኔም ትክክል ነኝ፣ አንቺም ትክክል ነሽ። ሁሉም መስመር ነው።

እኔ፦ ፈረንሳይ ውስጥ ባዩ የምትባል ከተማም ወደ 70 ሜትር የሚደርስ ርዝመት ያለው የበፍታ ጨርቅ አላት። ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ድል ያደረጉበት ታሪክ በሱፍ ክር ተጠልፎበታል። ከሥዕሉ በላይ የተጻፉት የላቲን ፊደላት የተሰፉት በዚሁ በመስመር ስፌት ነው። የእኔም «ሰላም» በዘር ከዚያ ጋር ይገናኛል ማለት ነው።

እትዬ፦ የኛስ? የኛን አላነበብሽም?

እኔ፦ የኛማ ለንደን ነው ያለው። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላ ላይ ከዘረፉት መሀል የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ እንደሆነ የሚነገርለት ቀሚስ አለ። ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ተቀምጧል፤ በሐር ክር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ። እቴጌይቱ ከመቅደላ በወጡ በሳምንታት ውስጥ መንገድ ላይ ዐረፉ፣ ልጃቸውን ልዑል ዓለማየሁን እንግሊዞቹ ባሕር አሻገሩት። ቀሚሱም ተሻገረ።

እትዬ፦ የጠለፈውስ ሰው ስም?

እኔ፦ የጠላፊው ስም አብሮ አልተጻፈም።

እትዬ፦ (ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቡናውን ቀዱ።) የሰው ስም ቢጠፋ እጁ አይጠፋም። ያን ቀሚስ አንድ ጊዜ ገልብጬ ባየው… መቼም አያስነኩኝም።

ማማ፦ አሁን ግን እኮ ሁሉም የማሽን ሆኗል። የናንተ ሴቶች በበዓል የሚለብሱት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው።

እትዬ፦ የኮምፒውተር ጥልፍ። ከአዲስ አበባ በየበዓሉ በሻንጣ ይመጣል፤ እኔም ለብሼዋለሁ። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርሳል፣ አልጠላውም። ግን ከኋላው ደረቅ ወረቀት የመሰለ ነገር አለው፤ በጁባ ሙቀት ደረት ላይ ይፋጃል። የእጅ ሥራ ከጨርቁ ጋር ይታጠፋል፣ ከጨርቁ ጋር ይታጠባል። ልጅቷን ደግሞ አታዘናጊያት። ፊደሉን ጀምሪ።

እኔ፦ ሰ ቅስት ናት፤ እንዴት ነው የምታጠፈው?

እትዬ፦ ቀጥታው ላይ የስንዴ ፍሬ ብለንሽ አልነበር? መታጠፊያ ስትደርሺ የሰሊጥ ፍሬ አድርጊው። በረዥም ስፌት ልታጠፊ ካልሽ ቅስቱ ማዕዘን ያወጣል፤ ሰ ሳትሆን የቤት ጣራ ትሆናለች። ከቅስቱ ስትወጪ ደግሞ ቀስ በቀስ ወደ ስንዴሽ ተመለሺ፤ በአንዴ አትዝለይ።

እኔ፦ ላ ላይስ?

እትዬ፦ ላ ላይ ሹል መታጠፊያ አለ። ጫፉ ላይ ስትደርሺ ወደ ሥር ውረጂና ጨርሺ፣ እንደገና ከዚያው ነጥብ ተነሺ። እየሄድሽ ላጥፈው ካልሽ ጫፉ ይዶለዱማል። ከባዷ ም ናት፤ ሁለት ዓይን አላት። የም ዓይን ላይ ሰሊጡም ይበዛል። የእናቴ ትራስ ላይ «መልካም» የሚለውን ስታዪው የመ ሁለት ዓይኖች እኩል አይደሉም። ልጅ ሆኜ የሰፋሁት እኔ ነኝ። እንድፈታው አልፈቀደችልኝም።

እኔ፦ ጓዳ ያየሁት ትራስ እኮ ነው! እዚህ ድረስ ይዘውት መጡ?

እትዬ፦ ከአገር ስወጣ ሌላ ምን ይዤ ልውጣ? ጨርቁ ሁለት ጊዜ ነትቦ ሁለት ጊዜ ቀይሬዋለሁ። ጽሑፉን ግን ዙሪያውን ቆርጬ አዲሱ ላይ እለጥፈዋለሁ።

(ሰን ስጨርስ ጥላው ከኒሙ ሥር ወደ አጥሩ ሄዶ ነበር። እትዬ ገለበጡት፤ ምንም አላሉም፤ ማማ ዘንድ አሳለፉት። ማማም ገልብጠው አዩትና ከቦርሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። ከሰ በስተቀኝ፣ ላና ም ከሚመጡበት ቦታ በላይ፣ እጃቸውን አንዴም ሳያነሱ ክንፏን የከፈተች ትንሽ ወፍ ሳሉ።)

ማማ፦ ለእናትሽ ከእኔ ነው። ከጀርባዋ ጀምሪ፤ ከአንገት ወደ ጭራ። ሹዋያ ሹዋያ (ቀስ በቀስ)።

እኔ፦ ውስጧን ልሙላው?

ማማ፦ ተዪው። ወፏ በመስመሩ ብቻ ትታወቃለች።

እትዬ፦ ይኸው፣ አሁን ማን ትክክል እንደነበረ ሰማሽ!

እኔ፦ ክሬ አልቋል፤ እትዬ፣ ይቁረጡልኝ።

እትዬ፦ ራስሽ ቁረጪ። አንድ ክንድ።